ከአባት መድረክ እስከ ራስ ካሜራ፤ የኃይሌ ገሪማ የሥራ ጉዞና ትምህርቱ

(በወላይታ ሶዶ ለተሰበሰቡ የሙያ ማኅበር አባላት የቀረበ ንግግር)




ሲኒማ ከኪነ ጥበባት ሁሉ ይልቅ በመሣሪያ ላይ የቆመ ጥበብ ነው። ባለቅኔ ብዕርና ወረቀት ካገኘ ሥራውን ይጀምራል፤ አዝማሪም ማሲንቆው በእጁ ካለ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ፊልም ሠሪ ግን ካሜራ፣ የድምፅ መቅረጫ፣ መብራት፣ የፊልም ማጠቢያ ላቦራቶሪ፣ የማቀናበሪያ ጠረጴዛ፣ በመጨረሻም ማሳያ አዳራሽ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ የቀረው ድካም ሁሉ ፍሬ አያፈራም። ከዚህም የተነሣ በሲኒማ ዓለም ከውበት ጥያቄ አስቀድሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «መሣሪያው የማን ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ለመሐንዲስ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

የዛሬው ንግግር ይህን ጥያቄ በአንድ ኢትዮጵያዊ የሥራ ሕይወት መሪነት ይመረምራል። እኚህ ሰው በልጅነታቸው በአባታቸው የቴአትር ቡድን ውስጥ መድረክ ላይ የወጡት፣ በኋላም ስማቸው በዓለም የታወቀ የፊልም ዲሬክተር የሆኑት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማስታወቅ ይገባል።

በልጅነት መድረክ ላይ መውጣት

በሕፃንነቱ ተዋናይ ሆኖ ጀምሮ ወደ ዲሬክተርነት ስለ ተሸጋገረ ሰው ሲነሣ ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የምትቀርበው ህንድ ናት። የህንድ ፊልም በኢትዮጵያ ከተሞች ለረጅም ዘመን የታየና የተወደደ በመሆኑ ምሳሌው ለአድማጭ ቅርብ ነው። ካማል ሐሰን በ1960 «ካላቱር ካናማ» በተባለው የታሚል ፊልም ላይ ሲሠራ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ በዚያው ሥራው የፕሬዚዳንቱን የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። ካደገም በኋላ በ2000 የወጣውን «ሄይ ራም»ን የመሰሉ ፊልሞችን በዲሬክተርነት ሠራ። ይህ ልጅ ያደገው በተደራጀ ኢንዱስትሪ መካከል ነው። በማድራስ ከተማ ስቱዲዮ ነበር፤ ላቦራቶሪ ነበር፤ አዳራሽ ነበር፤ ትኬት ቈርጦ የሚገባ ብዙ ሕዝብም ነበር። ለተሰጥዖው የሚሆነው መንገድ ከመወለዱ አስቀድሞ ተጠርጓል ማለት ይቻላል።

በጎንደር ግን እንዲህ ያለ መንገድ አልነበረም። ኃይሌ ገሪማ የካቲት 25 ቀን 1938 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ ሲወለዱ ለአሥር ልጆች ቤተሰብ አራተኛው ነበሩ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ጸሐፊና ጸሐፌ ተውኔት ሲሆኑ፣ በፋሽስት ወረራ ዘመን ስለ ተደረገው የአርበኝነት ተጋድሎ «ጎንደሬ በጋሻው» የተሰኘውን መጽሐፍ ለትውልድ አስተላልፈዋል። ተውኔት እየደረሱም ቡድናቸውን ይዘው ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወሩ ያሳዩ ነበር። ልጃቸው ኃይሌም በዚሁ ቡድን ውስጥ ገብተው በመተወን የመጀመሪያውን የሥራ ትምህርት ቀሰሙ።

ይህ የአባት መድረክ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደ ነበረ ማሰብ ይጠቅማል። ካሜራም ሆነ ስቱዲዮ አልነበረውም። የነበረው ታሪክ፣ ድምፅ፣ አካልና ፊት ለፊት የተቀመጠ ሕዝብ ነው። ተመልካቹ ሲሰለቸው ያጉረመርማል፤ ልቡ ሲነካ ዝም ይላል፤ ነገሩ እውነት ሲሆንለት «እንዲህ ነው እንጂ!» ይላል። ልጁ ተዋናይ ይህን ሁሉ ያለ አስታራቂ በዓይኑ ያያል። ከዚህም በላይ የሚተወነው ታሪክ የራሱ የሕዝቡ ታሪክ ነበር። በቤትም አያት በእሳት ዳር የሚተርኩት ተረት ነበር። እንግዲህ ሕፃኑ ተረትን ከአያት፣ መድረክን ከአባት ወረሰ ማለት ነው።

ለታርዛን የጮኹ ልጆች

ይሁን እንጂ በዚያው በጎንደር ሌላም መምህር ነበረ፤ እርሱም ሲኒማ ቤቱ ነው። በአዳራሹ የሚታዩት ፊልሞች ከውጭ አገር የመጡ ነበሩ። ኃይሌ ካደጉ በኋላ ደጋግመው እንደ ተረኩት፣ እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ከሲኒማ ቤት ሲወጡ ያዩትን በጎንደር ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ይጫወቱት ነበር። በጨዋታው ሁሉም መሆን የሚፈልጉት ከብት ጠባቂውን ነጭ ጀግና ነበር እንጂ ምድሩን የተቀማውን የአሜሪካ ነባር ሕዝብ አልነበረም። በታርዛን ፊልም ላይ ደግሞ አፍሪቃውያኑ ከበስተኋላ አድፍጠው ወደ ታርዛን በቀረቡ ጊዜ፣ የጎንደር ልጆች «መጡብህ!» እያሉ በመጮኽ ታርዛንን ያስጠነቅቁት ነበር።

ከዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ የሰውየው የኋላ ሥራ ሁሉ የሚፈታው በዚህ ጩኸት ነውና። እነዚያ ልጆች የአርበኛ ልጆች ነበሩ። ማን እንደ ሆኑና ከማን እንደ ተወለዱ ያውቃሉ። ታዲያ ስለ ምን ለታርዛን ጮኹ? ምክንያቱ የሌንሱ አቋቋም ነው። በቅየሳ ሥራ መሣሪያው የቆመበት ነጥብ የሚለካውን ሁሉ ይወስናል፤ ርቀቱም ሆነ ከፍታው የሚነበበው ከዚያ ነጥብ ነው። በፊልምም ካሜራው ከታርዛን ጎን ከቆመ፣ ተመልካቹ ወደደም ጠላም ከታርዛን ጎን ይቆማል። ጠላት የሚባለው ከዚያ ነጥብ ፊት ለፊት የሚመጣው ነው። ልጆቹ የጮኹት አገራቸውን ስለ ጠሉ ሳይሆን ሌላ ሰው ባቆመው መሣሪያ ውስጥ ስለ ተመለከቱ ነው። ልጁ ኃይሌ ካደጉ በኋላ ዕድሜያቸውን የሰጡት መሣሪያውን በሌላ ነጥብ ላይ ለማቆም ነበር።

ከቺካጎ ወደ ሎስ አንጀለስ

ኃይሌ በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግረው በቺካጎ በሚገኘው በጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት የተዋናይነት ትምህርት ጀመሩ። በአባታቸው መድረክ ላይ የሕዝባቸውን ታሪክ ይተውኑ የነበሩት ወጣት፣ በዚያ የሚደርሳቸው ክፍል አነስተኛና የአገልጋይነት ሆኖ አገኙት። ስለዚህ በ1970 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ ተዛወሩና ከትወና ወደ ፊልም ሥራ ተሻገሩ። ውሳኔው የሙያ ለውጥ ብቻ አይደለም። ተዋናይ የተሰጠውን ይናገራል፤ ዲሬክተር ግን ካሜራው የት እንደሚቆም ይወስናል።

በዚያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ቻርልስ በርኔት፣ ላሪ ክላርክ፣ ጁሊ ዳሽ፣ ቢሊ ውድቤሪና ሌሎችም ጥቁር ወጣቶች ተሰባስበው ነበር። የሲኒማ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ትውልድ በኋላ «የሎስ አንጀለስ ዓመፅ» ብለው ሰየሙት። የላቲን አሜሪካን አዲስ ሲኒማ እየተመለከቱና እየተከራከሩ አንዱ በሌላው ፊልም ላይ እየሠራ ይረዳዱ ነበር። በአርሲ ጢቾ የተወለዱት ኢትዮጵያዊው ምሁር ተሾመ ገብርኤልም በዚያው ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ በ1982 ስለ ሦስተኛው ዓለም ሲኒማ ያሳተሙት መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ በየዩኒቨርሲቲው ይነበባል።

ኃይሌ በ1971 «አወር ግላስ» የተባለውን አጭር ፊልም፣ በ1972 ደግሞ «ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ»ን ሠሩ። ከዚያም በ1975 «ቡሽ ማማ» ተከተለ። ይህ ፊልም በሎስ አንጀለስ ዋትስ በተባለው የድኾች ሠፈር ልጇን ይዛ ከመንግሥት ድጎማ ጽሕፈት ቤት ጋር ስለምትታገል ዶሮቲ ስለምትባል ሴት ይተርካል። በፊልሙ መክፈቻ ላይ ፖሊሶች ጥቁሮችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ይህ የተተወነ ትርኢት አይደለም። የከተማው ፖሊስ ራሳቸውን ኃይሌንና የካሜራ ባልደረቦቻቸውን በሥራ ላይ ሳሉ አስቁሞ ሲፈትሽ የተቀረጸ እውነተኛ ድርጊት ነው። ካሜራ የያዘ ጥቁር ሰው ተጠርጣሪ በሆነበት ጎዳና፣ ካሜራው ራሱ ምስክር ሆኖ ቀረ።

ምርት፣ ሦስት ሺህ ዓመት

በ1974 ክረምት፣ ማለትም በ1966 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ኃይሌ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው «ምርት፤ ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። አሮጌው ሥርዓት እየወደቀ፣ አዲሱ ገና ምን እንደ ሆነ ሳይለይ በነበረበት በዚያ ጠባብ ጊዜ፣ ቀረጻው የተከናወነው በሁለት ሳምንት ያህል ነው። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ተነሥቶ በአማርኛ የተሠራ ሲሆን ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። በስዊዘርላንድ በሎካርኖ ፌስቲቫል በ1976 ተሸልሟል።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ባለመሬቱ ከደጁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ይገሥጻል፤ ይሳደባል። ቤተሰቡ ከንጋት እስከ ምሽት ያርሳል፤ ያግዳል፤ ይሸከማል። ወጣቷ ልጅ የጌታው ከብት በጎርፍ እንዳይወሰድባት ስትታገል እርሷ ራሷ በውኃው ትወሰዳለች። መሬቱን የተነጠቀው፣ ሰውም እንደ እብድ የሚቈጥረው ከበበ፣ እውነቱን በየመንገዱ ይለፈልፋል፤ በመጨረሻም በበትሩ በባለመሬቱ ላይ ይነሣል። በፊልሙ ውስጥ ጊዜ የሚሄደው በሬ በሚሄድበት ፍጥነት ነው። የችኮላ ፊልም የለመደ ተመልካች ይህን እንደ ጉድለት ሊያየው ይችላል። ነገር ግን አንድ እርሻ ከዳር እስከ ዳር ሲታረስ የሚወስደውን ጊዜ ያላየ ሰው፣ የተወሰደበትም ሰው ምን እንደ ተወሰደበት አይገባውም። ርዝመቱ የመለኪያው አካል ነው።

ይህ ታሪክ በወላይታ ምድር ላይ ሲነገር ልዩ ድምፅ አለው። ወላይታ በ1894 ከንጉሥ ጦና ሽንፈት በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከተጠቃለለች ወዲህ የገባር ሥርዓት በሕዝቡ ላይ ተተክሏል። ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ባንክ እርዳታ የተቋቋመው የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት ማዳበሪያና የተሻሻለ ዘር ለገበሬው ለማድረስ ጥሯል። ሆኖም ምርቱ ቢጨምር እንኳ ትርፉ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቆየ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱም በአጋጣሚ የኃይሌ ገሪማ 29ኛ የልደት ቀን ነበር። ፊልሙ በተቀረጸበት ክረምት ግን አዋጁ ገና አልነበረም። ስለዚህ «ምርት» ከአዋጅ በኋላ ለአዋጁ የተዘፈነ ዘፈን አይደለም። ከበበ በበትሩ የጠየቀውን ጥያቄ መንግሥት በወረቀት የመለሰው ከወራት በኋላ ነው። በአዋጁ ውስጥ ርስት፣ ጭሰኛና ሄክታር ተጽፈዋል፤ ከብቱን ለማዳን የሰጠመችው ልጅ ግን የምትገኘው በፊልሙ ውስጥ ብቻ ነው።

ሳንኮፋና የአዳራሹ በር

ከዚያ በኋላ የመጡት ሥራዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። «ዊልሚንግተን አሥር» በሰሜን ካሮላይና ያለ ፍትሕ ስለ ታሠሩ አሥር ሰዎች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። በ1982 የወጣው «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ» ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ጥቁር ወታደር የሚሸከመውን ቁስል ያሳያል። ይሁን እንጂ «መሣሪያው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በግልጽ የተፈተነው በ1993 በወጣው «ሳንኮፋ» ላይ ነው።

«ሳንኮፋ» በጋና የአካን ሕዝብ ቋንቋ ተመልሶ ያለፈውን ማንሣትን የሚያመለክት ቃል ነው። በፊልሙ አንዲት የዘመኑ አፍሪቃ አሜሪካዊት ሞዴል በጋና የባሪያ ንግድ ይካሄድበት በነበረው ምሽግ ፎቶግራፍ ስትነሣ ትቆይና፣ በመንፈስ ወደ ኋላ ተወስዳ በአንድ እርሻ ላይ ሾላ የተባለች ባሪያ ትሆናለች። ታሪኩ ስለ ባሮች መከራ ብቻ ሳይሆን ስለ ዓመፃቸው ይናገራል። ገንዘቡን ለማሰባሰብ ብዙ ዓመታት ወስዷል። ፊልሙ አልቆ በበርሊን ፌስቲቫል ከታየ በኋላ እንኳ የአሜሪካ ትላልቅ አከፋፋዮች ለመውሰድ አልፈለጉም።

ከዚህ ላይ የብዙ ሰው ሥራ ይቆም ነበር። ኃይሌና ባለቤታቸው፣ ራሳቸውም ፊልም ሠሪ የሆኑት ሺሪኪያና አይና፣ አዳራሹን ራሳቸው መከራየት ጀመሩ። በዋሽንግተን ከተማ የተከራዩት ሲኒማ ቤት ለተከታታይ ሳምንታት በተመልካች ሞላ። ወሬው በቤተ ክርስቲያን፣ በፀጉር ቤትና በማኅበር እየተሰማ ከከተማ ወደ ከተማ ተዛመተ፤ በሌሎችም ከተሞች ሰዎች እየተደራጁ ፊልሙን አስመጡ። ከዚያም በ1990ዎቹ መጨረሻ ባልና ሚስቱ በዋሽንግተን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የተባለውን የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ። መደብሩ የመሸጫ ቦታ ብቻ ሳይሆን ፊልም የሚታይበት፣ ክርክር የሚደረግበት፣ የቀጣዩም ፊልም ሥራ የሚካሄድበት ቤት ሆነ።

ይህን በመሐንዲስ ዓይን ያየ ሰው ነገሩን በቶሎ ይረዳዋል። ውኃን ከምንጭ እስከ ቧንቧ ለማድረስ የሚዘረጋ መስመር፣ አንዱ ቫልቭ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ፣ የምንጩ ባለቤት ባለቤት አይደለም። ኃይሌ ምንጩን፣ ማለትም ድርሰቱንና ካሜራውን፣ አስቀድመው ይዘው ነበር። በ«ሳንኮፋ» ግን የመጨረሻውን ቫልቭ፣ የአዳራሹን በር፣ ያዙ።

ጤዛ

ከ«ሳንኮፋ» እስከ ቀጣዩ ታላቅ የልብ ወለድ ፊልም 15 ዓመት አለፈ። በመካከሉ ኃይሌ በ1994 ከፖላንዱ ጸሐፊ ከሪሻርድ ካፑሺንስኪ ጋር በኢትዮጵያ ተጉዘው «ኢምፐርፌክት ጀርኒ»ን፣ በ1999 ደግሞ «ዓድዋ»ን የተባሉ ዘጋቢ ፊልሞች ሠርተዋል። በ2008 «ጤዛ» ወጣ።

«ጤዛ» በጀርመን የሕክምና ሳይንስ ተምሮ፣ በሶሻሊዝም ተስፋ አድርጎ፣ በደርግ ዘመን አገሩ ገብቶ ጓደኛውን ያጣውን፣ እንደገናም በጀርመን በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን ያጣውን አንበርብርን ይከተላል። አንበርብር በ1990 በጣና ሐይቅ አጠገብ ወዳለው የእናቱ መንደር ሲመለስ፣ ወታደሮች ወጣቶችን ለጦርነት ሲያፍሱ፣ ልጆችም በዋሻ ውስጥ ሲደበቁ ያያል። የተማረው ሰው ለእናቱ መንደር የሚሆን አንዳችም መድኃኒት በእጁ የለም። ይህ ለየትኛውም ምሁር ስብሰባ የሚመች ፊልም አይደለም። የተማረው ትውልድ ለሕዝብ ሲል የተማረውን ከሕዝብ እንዴት እንደ ለየ፣ መልካም ሐሳብ እንዴት ወደ ግድያ እንደ ተለወጠ ያለ ማባበል ይጠይቃል።

ፊልሙ በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ በሚደረገው የአፍሪቃ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን የየኔንጋ ፈረስ ሽልማት አግኝቷል። ሙዚቃውን ኢትዮጵያዊው ጆርጋ መስፍንና የህንድ ተወላጁ አሜሪካዊ ቪጃይ አየር በአንድነት ሠርተውታል።

መምህሩ

ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። የአባታቸው ቡድን ልጅን በሥራ ላይ ያስተምር እንደ ነበረ፣ እርሳቸውም ክፍላቸውን የሥራ ቦታ አደረጉት። ለመሐንዲሶች ጉባኤ ሊነገር የሚገባ አንድ ነገር አለ። በፊልም ቀረጻ ዓለም አቀፍ ስም ካገኙት የሃዋርድ ተማሪዎች መካከል ኧርነስት ዲከርሰንና አርተር ጃፋ ወደ ዩኒቨርሲቲው የገቡት የሕንፃ ንድፍ ለመማር ነበር። ዲከርሰን በኋላ ከስፓይክ ሊ ጋር «ማልኮም ኤክስ»ን፣ ጃፋ ደግሞ ከጁሊ ዳሽ ጋር «ዶተርስ ኦፍ ዘ ደስት»ን በካሜራ ቀርጸዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ብራድፎርድ ያንግም «አራይቫል» በተባለው ፊልም ለኦስካር ሽልማት ታጭቷል። ቦታንና ብርሃንን መለካት የለመደ እጅ ለሲኒማ ባዕድ እንዳልሆነ ይህ ይመሰክራል።

የነጻነት ዋጋ

ሙገሳ ብቻ ማቅረብ ለሰውየውም ለአድማጭም አይበጅም። የማንኛውም ሥራ ዋጋ በዝርዝር መቅረብ አለበት። ከ1975 እስከ 2008 ባሉት 33 ዓመታት ውስጥ የወጡት የኃይሌ ረጃጅም የልብ ወለድ ፊልሞች አምስት ናቸው። የህንዱ ባልንጀራቸው ያደገበት ኢንዱስትሪ በአንድ ዓመት ውስጥ በመቶ የሚቈጠር ፊልም ያወጣል። ለሌላ ሰው እጅ አለመስጠት ጊዜ ያስከፍላል፤ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ብዙ ያልተሠራ ሐሳብ ያስቀራል። ሁለተኛው ዋጋ ርቀት ነው። ሥራው የተቀናበረውና የተከማቸው በአብዛኛው በውጭ አገር ሲሆን፣ «ምርት»ን በአገር ቤት ያየው ገበሬ ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው። ስለ ጭሰኛ የተሠራ ፊልም በሎካርኖ ሲሸለም ጭሰኛው ሳያየው መቅረቱ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም።

በሌላ በኩል ግን ትርፉም ተመዝግቧል። ዘመን አልፎባቸው ሊረሱ ይችሉ የነበሩት ፊልሞች ባለቤት ስላላቸው ዳኑ። «ምርት» ማርቲን ስኮርሴዚ ባቋቋሙት የዓለም ሲኒማ ቅርስ ፕሮጀክት ታድሷል። «ሳንኮፋ»ም በ2021 ታድሶ እንደገና ለዓለም ተመልካች ቀርቧል። በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ የተከፈተው የፊልም አካዳሚ ሙዚየም ለኃይሌ ሽልማት ሰጥቷል። በ1993 በሩን የዘጋ ገበያ በ2021 ራሱ መጥቶ በሩን አንኳኳ።

ለወላይታ ሶዶ ምን ይጠቅማል?

በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው ሶዶ ከ2023 ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም የተሠራለት ጊቤ ሦስት ግድብ ቆሟል። ስለ ኮንክሪቱ መጠንና ስለ ተርባይኑ ዐቅም የተጻፈ ሰነድ ሞልቷል። ግድቡን የሠራው የቀን ሠራተኛ እንዴት አደረ፣ እንዴት ዋለ፣ ሲጨርስስ ወዴት ሄደ የሚለውን የልጅ ልጆች ሲጠይቁ ግን የሚመልሰው ሰነድ የትኛው ነው?

ሌላም ጥያቄ አለ። ከወላይታ ተነሥተው በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጎዳና ጫማ የሚጠርጉት፣ ሎተሪ የሚያዞሩት ልጆች ብዙዎች ናቸው። የከተማው ሰው በየቀኑ ያያቸዋል፤ የሚያያቸው ግን ከወንበር ላይ ሆኖ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። በ«ምርት» ውስጥ ባለመሬቱ ጭሰኛውን የሚያየው ከዚሁ ከፍታ ነበር። ካሜራው ከሳጥኑ አጠገብ፣ በልጁ ትከሻ ደረጃ ቢቆም የሚታየው ከተማ ሌላ ነው። ይህን ፊልም ከልጁ በቀር ማንም በሚገባ ሊሠራው አይችልም፤ በወላይታ ቋንቋ፣ በራሱ ቀልድና በራሱ ኀዘን።

ለዚህ መሠረቱ አለ። በጊፋታ በዓል ልጆችና ወጣቶች «ሃያ ሌኬ» እያሉ በሚዘፍኑበት፣ ሽማግሌዎች በዱቡሻ ተሰብስበው በሚመክሩበት አገር መድረክ አዲስ ነገር አይደለም። የገሪማ ታፈረ ቡድንም የተነሣው ከዚህ በማይበልጥ ቁሳቁስ ነበር። ካሜራ ደግሞ እንደ 1966 ዓ.ም. ክረምት ከባሕር ማዶ በሻንጣ የሚመጣ ብርቅ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል፤ በብዙ ወጣት ኪስ ውስጥ አለ። የጐደለው በመካከል ያለው ነው።

ይህም መካከለኛ ነገር በባለሙያዎች ዐቅም የሚሟላ ነው። አንደኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ያለው አዳራሽ መስኮቱ የሚጋረድ፣ ድምፁ የማያስተጋባ፣ ኤሌክትሪኩ የማያሰጋ ሆኖ ቢታደስ፣ ልጆች የሠሩትን ለወላጆቻቸው የሚያሳዩበት ቦታ ያገኛሉ። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ታላቅ የግንባታ ሥራ ላይ ከቴክኒክ ሰነዱ ጐን የሠራተኛውና የነዋሪው ቃል በምስልና በድምፅ ቢቀረጽ፣ ወጪው ከጠቅላላው ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር የሚገባ አይሆንም። ሦስተኛ፣ የተቀረጸው ሁሉ በዚሁ በአካባቢው፣ ከእርጥበትና ከአቧራ በተጠበቀ ክፍል፣ በሁለትና በሦስት ቅጂ ቢቀመጥ፣ የነገው ልጅ የራሱን ታሪክ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም።

የጎንደር ልጆች ለታርዛን የጮኹት ሌላ የሚጮኹለት በሸራው ላይ ስላልነበረ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ይህን ለማስተካከል ዕድሜውን ሁሉ ሠራ። በሶዶ፣ በቦዲቲ፣ በአረካ ያሉት ልጆች ዛሬም በስልካቸው መስታወት ላይ ለአንድ ጀግና ይጮኻሉ። ጀግናው ማን እንደሚሆን የሚወሰነው መሣሪያው በሚቆምበት ነጥብ ነው። ነጥቡን መርጦ መትከል ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የቀያሹ ሥራ ነው።